የመጋረጃ ማክበጃ

እህቴ የልጇን ክብደት አጭበረበረች፤ በዚያ ሰበብ ልጅቷ ልትሞት ደረሰች። የሆነው ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ልጅቷን «አለቃ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት። አለቃ ፊቷን ካጨማደደች ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር ሰው የለም፤ አንዱ ቁልፍ ያንሿሿል፣ አንዱ ማንኪያ ያቀብላል፣ አንዱ እንደ ድመት ይጮኻል። ማልቀስ የለባትማ። ስታለቅስ ከንፈሯና ጥፍሮቿ ይጠቁራሉ፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ እስክትረጋጋ ድረስ የማንተነፍሰው ደግሞ እኛ ነን። የእናቴን መነጽር የሰበረች ቀን እናቴ «ይሁን፣ እስካሁን ያየሁት ይበቃኛል» ብላ የተረፈውን እንድትጫወትበት ሰጠቻት።

አለቃ የተወለደችው ከአንዱ ክሮሞዞሟ ጫፍ ላይ ቁራጭ ጎድሎ ነው። የችግሩ ስም ሰው እንደሚጠራው ስም አይደለም፤ ቁጥርና ፊደል ነው። የዘረመል ሐኪሙ እንዲህ ያለ ልጅ በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ሲነግረን ደስታውን መደበቅ አቅቶት ነበር። ጆሮዎቿ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ አገጯ ትንሽ ነው፤ ዓይኖቿ የተራራቁ ናቸው። በትራስ ተደግፋ መቀመጥ የቻለችው ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ለምደነዋል። ያልለመድነው ልቧን ነው። ሁለቱን የታች የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ። ወደ ሰውነቷ መሄድ የነበረበት ደም በዚያ እየሾለከ ሳንባዋን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ አለቃ ተኝታም እንደሮጠ ሰው ያልባታል። የምትጠጣው ወተት ለዚያ ሩጫ ነው የሚያልቀው፤ ሥጋ የሚሆን አይተርፍም።

እኔ የምሠራው የግንባታ ዕቃ በሚፈተሽበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የኮንክሪት ኩብ በማሽን እጨፈልቅና ስንት ጭነት እንደቻለ እመዘግባለሁ። እናቴ «ዩኒቨርሲቲ ልኬ ድንጋይ ሰባሪ አደረግኩሽ» ትላለች፤ ለሰው ስታስተዋውቀኝም እንዲሁ ነው። ታላቅ እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። የቤታችን የፊት ክፍል የእሷ ሱቅ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ የጨርቅ ጥቅሎች፣ መሀል ላይ የስፌት መኪናው፣ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ፣ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ሜትር። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ላይ ይደውልና መጀመሪያ የሚጠይቀው «አለቃ ምን አዘዘች?» ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ዕቃ መናገር አለብኝ። ስስ መጋረጃ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንሳፈፋል። ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ከግርጌው እጥፋት ውስጥ ትናንሽ የብረት ፍሬ የተደረደረበት ገመድ ይገባበታል። እህቴ «ማክበጃ» ትለዋለች። ሰፊዋ ጎበዝ ከሆነች ከውጭ አይታይም፣ በእጅም ካልመዘኑት አይታወቅም። እህቴ ጎበዝ ሰፊ ናት።

የልብ ሐኪሟ ዝምተኛ ሴት ናት፤ የምትናገረውን ቀድማ በልቧ የምታነበው ይመስላል። ቀዳዳው መደፈን አለበት፣ ቶሎ መደፈን አለበት አለችን። እንዲህ ደም እየጎረፈባቸው ከቆዩ የሳንባዋ ደም ሥሮች ይደነድናሉ፤ ከደነደኑ ደግሞ ቀዳዳውን መድፈን ራሱ ይገድላታል። ውሳኔው ግን የእሷ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ የሚሰበሰቡ ሐኪሞች አሉ፤ የቀዶ ጥገናውን ተራ የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

የአለቃ ጉዳይ መጀመሪያ የታየ ቀን እህቴ ከመሰብሰቢያው ክፍል ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አንድ የወንድ ድምፅ ሰማች። «ልቧን ብናስተካክለውስ? ክሮሞዞሟን አናስተካክለውም። ለዚች ልጅ ምን ያደርግላታል?» ከዚያ በሩን ከውስጥ አንድ ሰው ዘጋው።

ሐኪሟ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። «ተስማምተዋል» አለች። «ለማደንዘዣውም ለማገገሙም ትንሽ ሥጋ ትያዝ ብለዋል። ስድስት ኪሎ ስትሞላ ተራ እንሰጣታለን።»

አለቃ ያን ጊዜ አምስት ኪሎ ብቻ ነበረች።

«ሰበብ ነው» አለች እህቴ ማታ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች። «እምቢ ማለት አፍረው ነው ኪሎ የሚሉት። እንደማትሞላ ያውቃሉ።»

«ሐኪሟ እኮ ተከራክራልሻለች» አልኳት።

«አንዷ ተከራከረች። ሰውየው የተናገረውን የሰማሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ከወጥ ቤት «ባይሞላም እንሞላዋለን!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የማድለቢያ ጣቢያ ሆነ። ወተቱ ውስጥ ዘይት ይገባል፣ ገንፎው ውስጥ ቅቤ ይገባል፣ አለቃ ትንሽ ትወስድና ይደክማታል፣ ወደ ጎን ዞራ ትተኛለች። የዋጠችውንም ግማሹን የእናቴ ትከሻ ላይ ትመልሰዋለች። እናቴ ልብሷን እየጠረገች «ይሄም ስጦታ ነው፣ አለቃ ለማንም አይሰጥም» ትላለች። ሚዛኑ ግን ከአምስት ፈቀቅ አላለም።

ለክትትል በየሳምንቱ እንሄዳለን። የምትመዝነው ነርስ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ወሬ የማይሰለቻት ሴት ናት። ደንቡ ልጅ ራቁቱን ይመዘን ነው። አለቃን ግን መጀመሪያ ቀን ሲያወልቋት አልቅሳ ጠቁራ፣ ኦክስጅን እስኪመጣላት ድረስ ክፍሉ ተተራመሰ። ከዚያ በኋላ ነርሷ «እኔ ሁለተኛ እንዲህ አላደርጋትም» ብላ ካናቴራዋን አንድ ጊዜ ለብቻ መዘነችና፣ አለቃን ከነካናቴራዋ እየመዘነች ሁልጊዜ ያንኑ የልብሱን ክብደት መቀነስ ጀመረች። ደግነት ነው። ለሌላ ልጅ አታደርገውም።

አብሬያቸው የሄድኩ አንድ ቀን ነርሷ «አለቃ መጣች፣ ተነሡ!» ብላ ለባዶው ክፍል አወጀች። እህቴ አለቃን ራሷ አቅፋ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት። ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ብሎ ቆመ።

«ኧረ! ኧረ በስመአብ!» አለች ነርሷ። «ምን አብልታችኋት ነው?»

«እናቴ ናት» አለች እህቴ።

«እናትሽ እኔ ዘንድ እንዳይመጡብኝ በይ! እኔ መቀነስ ነው የምፈልገው።» ነርሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። እህቴ አልሳቀችም። አለቃን አነሣችና ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ አጋድማ ካናቴራውን በሌላ ለወጠችላት።

«ምን ሆነች?»

«አልቧታል» አለችኝ። አለቃ ሁልጊዜ ያልባታል። ሁለተኛ አላሰብኩበትም።

ሐኪሟ ግን ቁጥሩን ስታይ አልተደሰተችም። አለቃን አስተኝታ ሆዷን ዳሰሰች፣ ቁርጭምጭሚቷን ተጫነች፣ ደረቷን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ሥጋ አይመጣም» አለች በመጨረሻ። «ልቧ ሲደክም ሰውነቷ ውሃ ይይዛል። በእጄ ስዳስሰው ጉበቷ አላበጠም፤ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው የሚለው። ውሃ የሚያስወጣውን መድኃኒት እንጨምርላት። ውሃው ሲወጣ እውነተኛ ክብደቷን እናያለን።»

እህቴ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። የመድኃኒት ማዘዣውን ተቀብላ «እሺ ዶክተር» አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እህቴ ስትመለስ እንዴት ሆነ ስላት «ጨምራለች» አለች፤ እንደ ምሥራች አላወራችውም። ሐኪሟ መድኃኒቱ አልበቃትም ብላ እንደገና አሳድጋው ነበር።

እሑድ ቀን እህቴ መጋረጃ ለመስቀል ወደ ደንበኛ ቤት ሄደች፤ አለቃ ከእናቴና ከእኔ ጋር ቀረች። እናቴ ዳይፐሯን ልትቀይር ፈታችውና ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

«ደረቅ ነው» አለች። «ጠዋትም ደረቅ ነበር።»

አለቃን አየኋት። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ፊቷን አጨማደደች፣ አፏን ከፈተች፣ አለቀሰች፤ ግን እንባ የለም፤ ድምፁም የሷ አልነበረም፣ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ነበር። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደ ታጠፈ ጨርቅ ቆሞ ቀረ።

«ቦርሳዋን አምጪ» አለች እናቴ። «አሁኑኑ እንሂድ።»

የሆስፒታል ቦርሳዋ ሁልጊዜ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነው የሚቀመጠው። ፎጣና ዳይፐር ልጨምር ብዬ ስገለብጠው ካናቴራ ወደቀ። ካናቴራ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። ይሄኛው ወለሉን መታው።

አነሣሁት። የሕፃን ካናቴራ ነው፤ ነጭ ነው፤ በግርጌው፣ በአንገቱና በሁለቱ ጎኖቹ ዙሪያ ወፈር ያለ እጥፋት አለው። እጄ ላይ መዘንኩት። ቀኑን ሙሉ ነገር ስመዝን ነው የምውለው። ከጠረጴዛው ላይ የእህቴን መቀስ አንሥቼ እጥፋቱን ቀደድኩት፤ የብረት ፍሬዎቹ በገመዳቸው ላይ ተደርድረው ወጡ። ስፌቱ ያምራል። እንዲህ ቀጥ ያለ ስፌት ሌላ ሰው አይሰፋም።

በሩ ተከፈተ፤ እህቴ መሰላሉን በትከሻዋ ይዛ ገባች። እጄ ላይ ያለውን አየች።

«ስጪኝ» አለች።

«ብረት አይሸናም» አልኳት።

«ስጪኝ አልኩሽ።»

«እነሱ ውሃ መስሏቸው መድኃኒት ይጨምራሉ። ብረቱ አይወጣም። ስለዚህ እንደገና ይጨምራሉ። የሚወጣው የልጅቷ ውሃ ነው፤ ደርቃለች፤ ነይ እያት።»

መሰላሉን አስቀመጠችው። አለቃን ከእናቴ ክንድ ላይ አየቻትና መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ስድስት እንድትሞላላቸው ብዬ ነው» አለች። «ስድስት ብቻ።»

«ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ማውለቅ ትችዪ ነበር። ውሃው ወጣ ብለው መድኃኒቱን ይመልሱት ነበር። አንቺ ጭራሽ ጨመርሽበት!»

«ወደ አምስት ልመልሳት? ከዚያስ? ሰውየው ደስ ይበለው?»

«ሐኪሞቹ የሚከፍቱት ደረቷን ነው ካናቴራውን?»

«ተዉ!» አለች እናቴ። ስትቆጣ ሰምቼያት በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያለችው። «በኋላ ተባሉ። ጊዜ አላችሁ። እሷ የላትም።»

ታክሲ ውስጥ እናቴ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኛ ከኋላ፣ አለቃ በእህቴ ጭን ላይ። ካናቴራው የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

«አትነግሪያቸውም» አለች እህቴ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«እነግራቸዋለሁ።»

«ከነገርሽ ይሰርዟታል። ሰበብ ፍለጋ ነው ያሉት። ታክማ ትዳን፣ ከዚያ እኔ ቀስ ብዬ…»

«ምን ብለው ነው የሚያክሟት? ውሃ ሞልቷታል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ውሃ ይሰጧታል?»

«አንቺ ያልወለድሽ ምን ታውቂያለሽ።»

«መውለድ ይህን ካስተማረሽ ይቅርብኝ።»

ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰው። እናቴ ዞር ሳትል «ጨምረው ልጄ፣ ጨምረው» አለችው።

ድንገተኛ ክፍል የነበረው ተረኛ ሐኪም ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ላይ የአንድ ሰው ትውከት ነበር። አለቃን አይቶ ወዲያው ተነሣ። ነርሶች ኦክስጅን አደረጉላት፣ ደም ሥር ፍለጋ እጇን ማሸት ጀመሩ። እሱ በኮምፒውተሩ ላይ የአለቃን ታሪክ እያነበበ ጠየቀ።

«የመጨረሻ ክብደቷ ስንት ነበር?»

እህቴ መሬት መሬት እያየች «ስድስት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው» አለች።

«እንዲህ በአንዴ?» ግንባሩን አሸ። «አይገባኝም። ደርቃለች፤ ግን ይህን ያህል ውሃ ይዛ ከሆነ ግሉኮስ መስጠት ሳንባዋን ያሰጥመዋል። ቆይ፣ ለልብ ሐኪሟ ልደውልላት፣ እስከዚያ…»

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። አጥብቃ ነው የያዘችኝ፤ ጣቶቿ መርፌ ከመያዝ የጠነከሩ ናቸው። ቦርሳዬን በሌላኛው እጄ ከፈትኩና ካናቴራውን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ብረቱ ኮምፒውተሩ አጠገብ ጠቅ ብሎ አረፈ።

«ከስድስቱ ላይ ይህን ይቀንሱ» አልኩ። «ስትመዘን ለብሳው ነበር።»

ሐኪሙ ካናቴራውን በሁለት ጣቱ አነሣው። እህቴን አላያትም፤ እኔንም አላየኝም። ወደ ነርሶቹ ዞሮ «ግሉኮስ ስቀሉ» አለ። «ቀስ ብሎ ይግባ። ውሃ የሚያስወጣው መድኃኒት ይቁም።»

እህቴ ክንዴን ለቀቀችው።

አለቃ በማግሥቱ ሸናች። እናቴ እርጥቡን ዳይፐር እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ለክፍሉ ሁሉ አሳየች፤ አጠገባችን ያሉት እናቶች እልል አሉ። እህቴ ከአልጋው ራስጌ አልተነሣችም። ለእኔ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ዕቃ ስትፈልግ ለእናቴ ነው የምትነግራት፤ እናቴ ደግሞ «ድንጋይ ሰባሪ፣ ፎጣ ትፈልጋለች» እያለች አፍ ሆነችን።

የልብ ሐኪሟ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ አለቃ ለብቻዋ ትንሽ ክፍል ተሰጥቷት ነበር፤ በር ያለው። ሐኪሟ ቆማ አለቃን አዳመጠች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጉበቷ አላበጠም ብዬ ነበር» አለች። «በእጄ ይዤው። እጄን ትቼ ሚዛኑን አመንኩ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። የአንቺን ንገሪኝ።»

እህቴ «ስድስት ብላችሁኝ ነበር» አለች።

«ብለን ነበር።»

«አትሞላም። የማትሞላ መሆኗን እናንተም ታውቃላችሁ። ውስጥ ሆነው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ለዚች ልጅ ምን ያደርግላታል ሲሉ።»

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ሰምተሻል ማለት ነው» አለች። «እንግዲህ ይህን ደግሞ ስሚ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያላት ልጅ ወተቱም መድኃኒቱም እየተሰጣት ክብደት አልጨምር ካለች፣ ልቧ አልቻለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ኪሎ አይጠበቅም፤ ይቸኮላል። እኔ ጥቂት ሳምንት አምስት ላይ ስትቆም እያየሁ፣ ይዤው ልገባ የነበረው ክርክር እሱ ነበር። አልጨመረችም፣ አትጨምርም፣ አሁን ሥሩላት ልል ነበር። ከዚያ ጨመረች።»

እህቴ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ጨመደደችው፤ ከደንበኛ ቤት እንደተመለሰች ነው የመጣችው፣ አላወለቀችውም። እኔ የምለው ነበረኝ፤ ብዙ ነበረኝ። እናቴ ጉልበቴን በጉልበቷ መታችኝ።

«ዛሬ ይሰበሰባሉ» አለች ሐኪሟ። «እውነተኛውን እነግራቸዋለሁ። ስለ ልቧ ጥያቄ አይኖራቸውም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ወራት ሙሉ በየሰዓቱ መድኃኒት የሚሰጣት፣ የሆነውን እንደሆነው የሚነግረን ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ ይሉኛል። ያን የሰማሽውን ንግግር የተናገረው ሰውም ይኖራል። እስካሁን ሰበብ አልነበረውም።»

«አሁን ሰጠሁት» አለች እህቴ።

«አሁን አለው።»

«እኔ ልግባ።»

«ወላጅ አይገባም።»

«እኔ ልንገራቸው። እርስዎ ሲነግሯቸው የሌላ ሰው ወሬ ነው። እኔን ይጠይቁኝ።»

ሐኪሟ ተነሣችና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው። «እጠይቃለሁ» አለች። «ከፈቀዱ ያስጠሩሻል። ካልፈቀዱ አትምጪ፤ በር ላይ ከቆምሽ ይብሳል።»

ቀጥላ የመጣችው ነርሷ ናት፤ ሚዛኑን በጋሪ እየገፋች። «አለቃ መጣች» አላለችም። ደህና ዋላችሁም አላለችም። ሚዛኑን ሰካች፣ ዜሮ ላይ አደረገችው፣ «አውልቋት» አለች።

«ሲስተር» አለች እህቴ፣ «ትጠቁራለች።»

«አውቃለሁ መጥቆሯን። አውልቂያት።»

እህቴ አወለቀቻት። አለቃ ገና ካናቴራው ጭንቅላቷ ላይ እያለ ጀመረች። ሚዛኑ ቀዝቃዛ ነው። እጆቿን ዘርግታ እየፈለገችን አለቀሰች፣ ድምፅዋ ተመልሶላት ነበር፣ እንባም ነበራት። ለእንባው ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ነርሷ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች። አለቃ ስለምትንፈራገጥ ቁጥሩ አልረጋም። ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህቴ እጇን ልትሰድ ስትል ነርሷ «አትንኪያት፣ ይዛባል» አለቻት፤ ራሷ ግን በአንድ ጣቷ የአለቃን መዳፍ ስር እየነካች፣ «በቃ፣ በቃ፣ በቃ እመቤቴ» ትላት ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ቆመ። አምስት ኪሎም አልሞላም።

ነርሷ አለቃን አንሥታ ጉልበቷን ወደ ደረቷ አጥፋ አቀፈቻት፣ ኦክስጅኑን አፏ ላይ ያዘችላት፤ ቀለሟ እስኪመለስ አልለቀቀቻትም። ለእህቴ ስታስረክባት ነው የተናገረችው።

«እኔ ለሷ ብዬ ነው በካናቴራ የመዘንኳት። ኃላፊዎቹ ጠርተው ጠይቀውኛል። አሁን የማንንም ልጅ ራቁቱን ነው የምመዝነው፤ የሚጠቁረውንም፣ የማይጠቁረውንም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር።»

«ልጅሽ ትዳንና በኋላ እናየዋለን» አለች ነርሷ፤ ጋሪዋን እየገፋች ወጣች።

የእህቴ ባል ደወለ። ስልኩን እናቴ ናት ያነሣችው። «አለቃ ምን አዘዘች?» ሲል ከማዶ ይሰማል። እናቴ እህቴን አየቻት፤ እህቴ እንዳትነግሪው ብላ ጭንቅላቷን ወዘወዘች። «ልጄ፣ ወደዚህ ንዳ ብላለች» አለችው እናቴ። «ቀስ ብለህ ንዳ፤ ግን ወደዚህ ንዳ።»

አለቃ ደክሟት ተኛች። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሀል ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ሦስታችንም እሱን እያየን ተቀመጥን።

ከዚያ አንዲት ጸሐፊ አንገቷን በበሩ አስግጋ «የልጅቷ እናት?» አለች። «ይጠሩሻል። አምስት ደቂቃ ነው የሰጡሽ።»

እህቴ ተነሣች። እኔም ተነሣሁ።

«ወዴት ነሽ?» አለችኝ። ከታክሲው ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

«አብሬሽ ልግባ። የሚጠይቁሽን አንቺ…»

«እኔ ምን? አላውቅበትም?»

«በቁጥር ነው የሚያወሩሽ። እኔ ላስረዳቸው። የመድኃኒቱን ሰዓት እኔም እንደምከታተል፣ ሁለት ሰው እንደሚይዘው…»

«አንቺ ስታስረጂ የሚሰማሽ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይሆናል» አለች። በቁጣ አይደለም። የጨርቅ ስፋት እንደምትናገር ነው የተናገረችው። «እዚያ ውስጥ ጥፋተኛ አንድ ሰው ይበቃል።»

እናቴ «ቁጭ በይ አንቺ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

እህቴ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷን በእጆቿ አሸች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ሲገባኝ ቦርሳዬን ከፈትኩና ከድንገተኛ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ መልሼ የወሰድኩትን ካናቴራ ሰጠኋት። ግማሹ እጥፋት ተቀዶ ብረቶቹ ተንጠልጥለዋል። ሰብሰብ አድርጋ መዳፏ ውስጥ ያዘችው፤ እንዳይንኳኳ።

«ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?» አልኳት።

«የሚሉትን ይበሉ። እዚህ ተቀምጬ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈልግም።» ወደ አለቃ ጎንበስ ብላ አየቻት፤ አልነካቻትም። «ከነቃች ቁልፉን አንሿሹላት። የሱቁን ቁልፍ ነው የምትወደው።»

የሱቁን ቁልፍ እናቴ እጅ ላይ ጣለች። ወደ በሩ ሄደች። መጥፎ በር ነው፤ ዝም ብለው ከለቀቁት ይጮኻል። እጀታውን እስከ ታች ተጭና ይዛ፣ አለቃን እስከ መጨረሻው በክፍተቱ እያየች፣ ወጣችና ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።